ጋሽ ሎምቤቦ አጥቢያቸውን ያሳደጉበት እሑድ

ለአዲስ ሰው ሽር ጉድ ሲበዛ፣ ከከምባታ የመጣ ሽማግሌ በአጠገባችሁ ካለ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። አባባሏ ዝም ብላ የመጣች እንዳትመስላችሁ፤ ጋሽ ሎምቤቦ የሚባሉ ደግ ሰው ጉድ ካፈሉባት አንዲት እሑድ የተወለደች ናት።

ጋሽ ሎምቤቦ ከዱራሜ ወረድ ብላ በምትገኝ የገጠር አጥቢያ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነበሩ። ወጣቱ ወደ ከተማ ኮብልሎ፣ የቀሩት ስልሳ የማይሞሉ ምዕመናን ከዓመት ዓመት በለመዱት ወንበር ተቀምጠው የለመዱትን መዝሙር ይዘምራሉ። "እኔ ስሞት ይህች ቤት የፍየል ማደሪያ ልትሆን ነው" እያሉ ጋሽ ሎምቤቦ ይብሰለሰሉ ነበር።

ታዲያ ስለ አጥቢያ ዕድገት የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው መጡ። "ሁለት መቶ አዲስ ነፍሳት" የሚል ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ገበያ ለገበያ ዞረው ያገኙትን ሁሉ ለእሑድ ጋበዙ። ቅዳሜ ወንበሮቹን ሲያዩ ግን ላብ አጠመቃቸው፤ ቤቱ ሰማንያ ሰው ከያዘ ይጨናነቃል። አሰቡ፣ አሰቡና መላ አገኙ።

እሑድ ማለዳ በሩ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ የደረሱት የአጥቢያዋ አንጋፋ እማማ ደልቤ ነበሩ።

"ዛሬ አይገቡም፣ እማማ።"

"ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?"

"ኧረ ምንም! ቦታው ለአዲሶቹ ነው። እርስዎማ ጌታን ከተቀበሉ አርባ ዓመትዎ!"

"መዳኔ ነዋ ያስወጣኝ!"

ሌላው ምዕመንም መዘምራኑም እንዲሁ ከበር ተመለሱ። "ከበሮውስ?" ቢሏቸው፣ "እሱን ተዉት፤ እናንተ ሂዱ" አሏቸው።

ረፈድ ሲል እንግዶቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ብቅ አሉ። ቢያዳምጡ መዝሙር የለም፤ ቢያዩ ከረባት ያሰሩ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ይስቃሉ።

"ግቡ፣ ግቡ!"

"ሰው የለም እንዴ?"

"ሰውማ እናንተ ናችሁ!"

እንግዶቹ ተያዩ። "ቀኑን ተሳስተን ይሆናል" ብለው ውልቅ አሉ። የመጣው ሁሉ እንዲሁ ሆነ።

ጋሽ ሎምቤቦ በባዶው ቤት ቁጭ ብለው ሳለ ከወንዙ ማዶ ካለችው አጥቢያ መዝሙር ተሰማቸው። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው የእማማ ደልቤ ስንጥቅ ድምፅ ነው። ሱሪያቸውን ሰብስበው ወንዙን ተሻገሩ።

ከበሩ ሲደርሱ በቅርቡ የተመደበው ወጣት ወንጌላዊ አያቸው። "ሃሌ ሉያ! ሌላም እንግዳ መጣልን! ያለ ምንም ዕቅድ በአንድ ቀን እጥፍ ሆንን እኮ! ይቅረቡ አባቴ፣ ከፊት ይቀመጡ። ማን ጋበዘዎት?"

ጋሽ ሎምቤቦ የፊተኛውን ረድፍ አዩ፤ የራሳቸው ሰዎች ሞልተውበታል። ከረባታቸውን ላላ አደረጉ።

"እኔ እንግዳ አይደለሁም" አሉ በመጨረሻ። "እነዚህም እንግዶች አይደሉም። የእኔ ናቸው፤ በገዛ እጄ ከበር መልሻቸው ነው። ወገኖቼ፣ በድያችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።"

ከዚያ ከመዘምራኑ አንዷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ሳቋም ለሁሉም ተጋባ፤ ጋሽ ሎምቤቦም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

እማማ ደልቤ ተነሥተው እጃቸውን ያዟቸው። "ይቅር ብለንሃል፤ በል ወደ ቤታችን ምራን" አሏቸው። ግራ የተጋባው ወንጌላዊ "ምን ተፈጥሮ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ እማማ ከደጃፉ ዘወር ብለው መለሱለት፦ "እንግዳ ላስገባ ብሎ ቤተኛውን ቢያባርር፣ ተፋጦ ቀረ ከወንበር ጋር!"