ሐጂ ቡሽራ ከማን ኋላ ቆሙ?

በደጋና በቆላ መገናኛ ላይ በተቆረቆረች አንዲት የጥንት ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ሲሰፍሩ ቁናውን ቆልለው ነው፤ ከአፉ የሚፈሰውንም መልሰው አይሰበስቡም።

በዚያች ከተማ የገበያ ሹም የሚመረጠው በመሰለፍ ነበር። ዱዓ ይደረጋል፤ ዕጩዎቹ ከዋርካው ሥር ይቆማሉ፤ ነጋዴውም ከመረጠው ሰው ኋላ ሄዶ ይሰለፋል። ማን ማንን እንደመረጠ የሚደበቅ ነገር የለም።

ዝናብ በቀረበት በአንዱ ዓመት ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ የሐጂ ታናሽ ወንድም ጀውሃር ነው። «ጎተራ የባለቤቱ ነው፤ ሲሻው ይክፈት፣ ሲሻው ይዝጋ» አለ። ሌላው ቢተው የሚባል ክርስቲያን ነጋዴ ሲሆን «ዝናብ እስኪመጣ ድረስ በገበያ ቀን ጎተራውን የሚዘጋ አይኑር» አለ። ሰዉ ግን ቃላቸውን ብዙም አላደመጠም። የመስጊዱ ሰው ወደ ጀውሃር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ወደ ቢተው ሄደ።

ሙሄ የሚባል ገበሬ የታመመች ልጁን በትከሻው ይዞ ከዳር ይመለከት ነበር። የሐጂ ጎተራ ተሟጦ ካለቀ ወዲህ ሌሎቹ ነጋዴዎች የየራሳቸውን ስለዘጉ ለሦስት ገበያ ተመላልሶ ባዶ ስልቻውን ይዞ ተመልሷል።

በመጨረሻ ሐጂ ብቻ ቀሩ።

«ይምጡ እንጂ ወንድም ጋሼ!» አለ ጀውሃር እየሳቀ። «ሲሰግዱ የሚዞሩበት ቂብላ ጠፋዎት እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም።

«አልጠፋኝም። እህል ደብቆ ውድነት የሚጠብቅ ኃጢአተኛ መሆኑን ረሱል ነግረውናል። አንተም ከእኔ ጋር ቁጭ ብለህ ተምረኸዋል» አሉና ሄደው ከቢተው ኋላ ቆሙ።

«የእናትዎን ልጅ ጥለው ወደ ባዳ!» አለ አንዱ ከሰልፉ።

የእሳቸው መቆም ግን ውጤቱን አልለወጠውም። ጀውሃር ተመረጠ፤ ጎተራዎቹ እንደተዘጉ ቀሩ። የሙሄ ልጅ ዝናቡ ሊመጣ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተች።

ጀውሃር ወንድሙን አኮረፈ። ሐጂ በየዒዱ ደጁ ሄደው «አሰላሙ ዐለይኩም» ይላሉ፤ የሚመልስላቸው የለም፤ ይመለሳሉ። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሰባተኛው ጀውሃር ታሞ ሞተ።

ለጀናዛው ሶላት ሰልፍ ተይዞ ሳለ፣ እንደ ደንቡ የቅርብ ዘመድ ስለ ሟቹ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። ሐጂ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ወንድሜ የበደላችሁ፣ ሐቃችሁ ያለበት፣ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት።»

«አውፍ ብለናል!» አለ ሰዉ። ሙሄ ብቻ ዝም አለ። ሐጂ አዩትና ሶላቱን ሳያስጀምሩ ጠበቁት።

«ሐጂ፣ ያን ቀን ከማን ኋላ ነበር የቆሙት?» አለ ሙሄ።

«ከቢተው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ከወንድሜ ኋላ ነኝ» አሉ።

ሙሄ ወደ ጀናዛው ቀረብ አለ። «የእኔን አውፍ ብያለሁ። የልጄ ግን የራሷ ነው፤ እሷን ይጠይቃት።»

«አሁን ይሄ በጀናዛ ፊት ይባላል?» አለ አንዱ።

ሐጂ በእጃቸው ዝም አሰኙት። «እውነቱን ነው። የሷን እኔም ልጠይቅለት አልችልም።»

ሐጂ ከቀብር ሲመለሱ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ወንድምነት እስከ ቀብር ይሸኛል፤ ሐቅ ግን ከቀብር ወዲያ ቆሞ ይጠብቃል።»

ሰው ሲነግድም ሲመርጥም በሃይማኖቱ ነው ሲባል እንሰማለን። ያን ቀን ከዋርካው ሥር የነበረውም ሁሉ እንደዚያ ያደረገ መስሎት ነበር። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹ የመረጡት አብሯቸው የሚጸልየውን ሰው ነው። ሐጂ የመረጡት የተማሩትን ነው። በሁለቱ ሰልፎች መካከል የነበረው ርቀት ከዐሥር እርምጃ አይበልጥም ነበር ይባላል። ያን ዐሥር እርምጃ ከሐጂ ጋር የተራመደ ሌላ ሰው አልተገኘም።