ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠው ፋኖስ

ወገኖቼ፣ አንድ አባት ነበሩ። ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ወደብ የመብራት ማማ ጠባቂ። ሥራቸው ምን ነበር? ሲመሽ ደረጃውን ወጥተው ትልቁን ፋኖስ መለኮስ፣ ሲነጋ ማጥፋት። በቃ፣ ሌላ የለውም። ይህችኑ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠሯት።

ማማው በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ዐናቱ ላይ የመስታወት ክፍል አለው። ከፋኖሱ ኋላ፣ በከተማው በኩል፣ ትልቅ ቆርቆሮ ቆሟል። ለምን? ብርሃኑ ሳይባክን ወደ ውሃው እንዲሄድ ነዋ። የወደቡ መግቢያ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ አለት ነው። ቀዛፊ ያንን ብርሃን ፊት ለፊት ካልያዘ አይገባም። የከተማው ሰው ግን የሚያውቀው የቆርቆሮውን ጀርባ ብቻ ነበር። እናስ፣ ማን አመሰገናቸው? ማንም።

አይ ጊዜ! ያኔ ታንኳ ሲደርስ ቀዛፊው ከታች ሆኖ፣ "ጋሽ ይስማው፣ ገብተናል" ይላል። እሳቸውም ከላይ፣ "እሰይ፣ እንኳን በደህና" ይላሉ። ደመወዛቸው እሷ ነበረች ብል አልዋሸሁም። ዛሬ እንዲህ የሚባባል ሰው ከየት ይገኛል?

ኋላ ማማው መሰንጠቅ ጀመረ። ከተማው ባነነ፤ "ቅርሳችን ሊፈርስ ነው" ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮሚቴው ደግ ሠራ። ድንጋዩን ጠገነ፣ መስታወቱን ለወጠ፣ በፋኖሱ ቦታ ዐምፖል አስገባ። የምረቃው ቀን አመሻሽ ላይ ጋሽ ይስማውን ከፊት ወንበር አስቀምጦ አዲስ ጋቢ አለበሳቸው። "ከእንግዲህ ይረፉ" አላቸው።

መብራቱ በራ። አደባባዩ ቀን መሰለ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ሽማግሌው ግን ቀና ብለው አዩ። ቆርቆሮው ዞሯል። ብርሃኑ ለከተማው፣ ጀርባው ለሐይቁ!

በዚያች ምሽት ደግሞ ማን ይመጣል መሰላችሁ? ባለቤታቸው ወይዘሮ አጓጉሽ። ደሴት ላይ ያለች እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው ሳምንት ሆኗቸዋል፤ መመለሻቸው ያችው ዕለት ናት።

ሽማግሌው ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ አቶ ምኒችል ጠጋ አሉና፣ "ልጄ፣ ቆርቆሮው እኮ ዞሯል፤ ታንኳ አለብን" አሉ በቀስታ።

"ጋሼ፣ ሆን ብለን ነው" አለ ሰብሳቢው እየሳቀ። "ይሄ ሕዝብ ዕድሜውን ሙሉ ጀርባውን ሲያይ ኖረ። ዛሬ እንኳ ፊቱን ይየው። ደግሞ እንግዶች ንግግር ላይ ናቸው።"

ምን አደረጉ? ተቀመጡ። ይሉኝታ ያዛቸዋ! ጋቢውን ትናንት አልብሷቸው ቢሆን ኖሮ ይናገሩት ነበር። ያለበሰህን ሰው በዚያው ሰዓት፣ በሰው ፊት፣ እንዴት ታሳፍረዋለህ? አንድ ንግግር አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። እሳቸው ጆሯቸው ውሃው ላይ ነው።

በሁለተኛው ንግግር መሐል ብድግ አሉ። "ይቅርታ አድርጉልኝ" አሉና ጋቢውን ወንበሩ ላይ ትተው ደረጃውን ወጡ። ቆርቆሮውን ገፍተው አዞሩት። አደባባዩ ጨለመ፤ ተናጋሪው የሚያነበው ወረቀት ጠፋው፤ እንግዳው ሁሉ አጉረመረመ።

ታንኳው መግቢያውን ስቶ ወደ አለቱ እየቀረበ ነበር። ብርሃኑን ሲያይ ተመለሰና ገባ።

ወይዘሮ አጓጉሽ ሲወርዱ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው በልቅሶ አብጦ ነበር። ከማማው ወርደው የሚጠብቁ ባላቸውን ሲያዩ ክንዳቸውን ጭምድድ አድርገው ያዙ።

"ምን ሆነሻል አንቺ? ማን ሞተ?"

"አንተ ነሃ!" አሉ። "በዚህ ሁሉ ዓመት ሳትለኩስ የቀረህበት ቀን አለ? ወባ ይዞህ እንኳ በእንብርክክ ወጥተሃል። ጨለማውን ሳየው በቃ ሞቷል ብዬ እዚያው ውሃው ላይ አለቀስኩልህ።"

ልብ አድርጉ፣ ወገኖቼ። መብራቱ ጠፍቶ ነበር? አልጠፋም። እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ ይደምቅ ነበር። ሰውየው ሞተው ነበር? ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይጨበጨብላቸው ነበር።

እናንተስ? መብራታችሁ ወደ ማን ዞሯል? ማኅበር ላይ ጨዋታ አዋቂ፣ ሠርግ ላይ ቀድሞ ደራሽ፣ ቢሮ ውስጥ "እሱ እኮ መልአክ ነው" የሚባል አለ። ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱ የምታየው ቆርቆሮውን ነው። ከተማው ሁሉ የሚያውቃት፣ እናቷ ግን ድምፅዋን ከሰማች ዓመት የሞላት ልጅ አለች። እኔም አለሁበት፤ እዚህ ቆሜ ስሰብክ ደምቄ ነው የምታዩኝ። ወንድሜን ሄጄ ከጠየቅሁት ግን ስንት ጊዜዬ?

በሕይወት እያላችሁ ነጠላውን ያዘቀዘቀላችሁ ሰው አለ። ማን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም፤ ይኸው አሁን ፊቱ ድቅን ብሎባችኋል።

ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ስብከቱ እስኪያልቅ? ተነሡ፤ እኔ አልቀየምም። ሂዱና አዙሩለት።