እሜቴ ጃርትና የወፍጮዋ አህያ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፣ ተረት ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

እሜቴ ጃርት አንድ አህያ የሚያዞራት ትንሽ ወፍጮ ነበረቻት። አህያው ቢታመም እንዲያክምላት፣ በየወሩ ለሐኪሙ ለጉሬዛ አንድ ቁና ዱቄት ትሰጥ ነበር።

ባለወፍጮ ጎረቤቷ አያ ከርከሮ ሳቀባት። «ለጤነኛ አህያ ሐኪም ትቀልቢያለሽ? ትከስሪያለሽ!»

«አንዳንድ ቀን ጦሜን አድራለሁ፤ እንቅልፌን ግን እተኛለሁ» አለችው።

ክረምት ሲገባ አህያው አዳልጦት ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ጉሬዛ ወዲያው መጥቶ አሰረለት። እስኪድንም ጃርት እያለከለከች ወፍጮዋን ራሷ አዞረች።

አህያው ወደ ሥራው በተመለሰ ማግስት፣ የከርከሮን ወፍጮ የምታዞረው በቅሎ እያሳለች ጃርት በር ላይ ቆመች።

«እሜቴ፣ እዚህ ሥራ ይገኛል?»

ጃርት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላት። «ግቢ የኔ ልጅ፤ መጀመሪያ ግን ጉሬዛ ይይሽ።»