የደንገዛው ጠላ መድፊያ

ከደንገዛ ገበያ በስተምሥራቅ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሣር የማያበቅል ሜዳ ጠላ መድፊያ ይባላል። በአገሩ ደም ሲደርቅ የታረቁት ሰዎች መሐላቸውን የሚያጸኑት ዛሬም በውሃ ነው፤ ለእርቁ የተጠመቀው የመጀመሪያው ጋን ጠላ ከተቀመሰ በኋላ እዚያ ሜዳ ላይ ይደፋል።

ሽማግሎች እንደሚሉት፣ ነገሩ የመጣው በጠላ ዳኛው በአያ መኩሪያው ዘመን ነው። ሠርግ ወይም ተዝካር ያለበት ሁሉ ጠላውን ለእንግዳ ሳያቀርብ እርሱን ያስጠራ ነበር። እርሱም መልኩን በብርሃን አይቶ፣ ሽታውን ስቦ፣ አንድ ጉንጭ ይዞ ዐይኑን ጨፍኖ ከቆየ በኋላ፣ አሻሮው ማረር አለማረሩን፣ ውሃው የምንጭ ይሁን የወንዝ፣ ጌሾው ከማን ጓሮ እንደተቆረጠ ሳይቀር ይናገር ነበር ይባላል። የሚወደው መራራውን ነው፤ «የጌሾ ምሬት ምላስ ላይ መጥቶ መሄድ አለበት፤ ከተቀመጠ ጠማቂዋ አጥፍታለች» ይል ነበር።

አንድ ዓመት የግራዝማች ዳምጤ ልጅ በድንበር ጠብ የአያ መኩሪያውን ታናሽ ወንድም ተሻገርን ገደለው። ከሁለቱም ወገን ሰባት ሰው ካለቀ በኋላ ሽማግሎች ገብተው እርቅ ሆነ። የእርቁን ጠላ እንድትጠምቅ የተፈረደባት የሟች ሚስት የውብዳር ነበረች፤ የገዳይ ወገን ቀድሞ ከእጇ ከጠጣ ደሙ ደረቀ ማለት ነውና።

በቀኑ ሁለቱ ወገኖች ጦራቸውን መሬት ላይ አስተኝተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አያ መኩሪያው እንደ ልማዱ ከሁሉ በፊት ዋንጫውን ተቀብሎ ቀመሰ። የጌሾው ምሬት መጣና ሄደ፤ ከኋላው ግን ሌላ ምሬት መጥቶ ተቀመጠ፣ ምላሱም ደነዘዘ። ቀና ብሎ የውብዳርን ቢያያት ዐይኗን ከጋኑ አላነሣችም። መርዝ መሆኑ ገባው። ቢናገር እርሷንም ሁለቱን ሕፃናት ልጆቿንም ጦር ይበላቸዋል፤ ዝም ቢል የወንድሙ ገዳይ ጠጥቶ ይሞታል። ይህን ሁለተኛውን ለአፍታ እንደተመኘው ሽማግሎቹ አይደብቁም።

«ጠላው አልደረሰም፤ ይደፋ» አለ።

ግራዝማች ዳምጤ ተጠራጠረ። «ጉሽም ቢሆን ይጠጣል። አለመድረስ ብቻ ከሆነ ዋንጫውን ጨርሰው» አለው።

ከወዲህም ከወዲያም እጆች ወደ ጦሩ ሲዘረጉ ታዩ። አያ መኩሪያው ዋንጫውን እስከ አተላው ጠጥቶ በኩታው አፉን ጠረገ።

«ጌሾው በዝቷል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም። ለእርቅ ግን አይሆንም።»

ጋኑ ተደፋ፤ ከወንዙ ውሃ ተቀድቶ መሐላው ጸና።

የውብዳር እስከ ቤቱ ደጅ ተከተለችው። «አያ፣ ለወንድምህ ብለህ ዝም ትላለህ ብዬ ነው» አለችው።

«ልጆቹን አሳድጊ» አላት። በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ ሰውም በሽታ ነው ብሎ ቀበረው።

እርሷ ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ኖራ፣ ልትሞት ስትል ጎረቤቶቿን ሰብስባ እውነቱን እንደነገረቻቸው ይነገራል። ከዚያ ወዲህ የእርቅ ጠላ የሚቀምሰው ከእርሷ ዘር የተወለደ ብቻ ነው። የተመረጠውም ሰው ንስሐ ገብቶ፣ ለልጆቹ የሚናዘዘውን ተናዝዞ ከቤቱ ይወጣል፤ ጠላው ንጹሕ መሆኑን ሁሉም ቢያውቅም፣ ቀማሹ ዋንጫውን እስኪመልስ ድረስ በዚያ ሜዳ ላይ አንድም ሰው አይናገርም።