ወንፊት ይዞ የተሰደደው ሰው

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ወንዝ ዳር የሚኖር፣ ሁለት በሬና ሰፊ መሬት ያለው። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ የወንድሜ ልጅ። ከጦርነት የሚሸሹ ሰዎችን በቴሌቪዥን አይተሽ፣ «አጎቴ፣ አንዷ የግድግዳ ሰዓት ታቅፋ ነበር። ሞት እያሳደደው ሰዓት የሚሸከም ሰው አለ? በእውነት ተቸግረው ቢሆን የሚረባ ነገር አይዙም ነበር?» ብለሽኛል። በችኮላ መልሼ እንዳላሳስትሽ ስለ ፈራሁ፣ በዚህ ገበሬ በኩል ዞሬ ልምጣ።

ወደ ገበሬው መንደር አንድ ሰው ጦርነት አፈናቅሎት መጣ። ሚስቱ አንዱን ልጅ አዝላለች፣ ሌላውን በእጇ ይዛለች። እሱ ደግሞ ወንፊት ይዟል። ሌላ ምንም የላቸውም። ገበሬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበረቱ አጠገብ ባለች ጎጆ አሳደራቸው። የመንደሩ ሰው ግን ሳቀ። ሰውየው ወደ ወንዝ ሲወርድ ባዩት ቁጥር «ባለ ወንፊቱ! እስቲ በእሷ ውሃ ቅዳልን!» ይሉታል። እሱም አብሮ ፈገግ ይላል፤ እንግዳ ምን ያደርጋል?

ክረምቱ ሲቃረብ ተፈናቃዩ ገበሬውን ለመነው። «ጌታዬ፣ ጦም ካደረው መሬትዎ ጥቂት ይስጡኝና በበሬዎችዎ አርሼ ምርቱን እኩል እንካፈል። ካላረስኩ ልጆቼን ይዤ እንደገና መንገድ ልወጣ ነው። ሚስቴ ደግሞ ከዚህ በላይ መሄድ አትችልም፤ ጉልበቷ አልቋል።»

ገበሬው አገጩን አሻሸ። «አንተ ሰውዬ፣ አዝንልሃለሁ። ግን ነፍሱን ለማዳን ሲሮጥ ወንፊት መርጦ የወጣ ሰው፣ በዘር ቀን ምን ሊመርጥ ነው? በሬዎቼን ለእንዲህ ያለ ሰው አልሰጥም። እስከ ቅዳሜ እደሩ፤ ከዚያ እግዚአብሔር ይከተላችሁ።»

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋ ላይ በዘነበው ዝናብ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ከላይኛው መንደር «ደራሽ! ደራሽ መጣ!» ተብሎ ተጮኸ። ሰው ሁሉ ወደ ኮረብታው ሮጠ።

እላይ ደርሰው ትንፋሻቸው ሲመለስ እርስ በርስ ተያዩ። የመንደሩ ዳኛ ትራስ ታቅፈዋል። አንዲት ባልቴት አውራ ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥላለች፤ ዶሮው የጎረቤት ነው። ገበሬው ደግሞ ያን የሚያህል ሙቀጫ ተሸክሞ ላቡ ይንጠባጠባል።

«ዘነዘናውስ?» አለችው ሚስቱ።

«ዘነዘናው... ቤት ነው።»

«በሬዎቹስ?»

ገበሬው ሙቀጫውን ለቀቀው። በሬዎቹን በረት ውስጥ እንደታሰሩ ትቷቸዋል። ቁልቁል ቢያይ ውሃው አጥሩን እየጠረገ ነው። ሊወርድ ሲል ሰዎች ያዙት።

ያን ጊዜ ሁለቱ በሬዎች ከቁጥቋጦው ብቅ አሉ። ከኋላቸው ተፈናቃዩ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ፣ ባዶ እጁን ይነዳቸዋል። ሚስቱንና ልጆቹን አስቀድሞ ወደ ኮረብታው ልኮ፣ እሱ በረት ገብቶ ገመዳቸውን ፈቶ ነበር።

«በዚህ ጭንቅ ውስጥ እንዴት አሰብከው?» አለው ገበሬው።

«ምን አስባለሁ፣ ጌታዬ። የራሴን በሬዎች እንደታሰሩ ትቼ ነው የወጣሁት። ወንፊቷ በሩ አጠገብ ተሰቅላ ነበር፤ እጄ አነሳት፤ እኔ ያየኋት መንገድ ላይ ነው። የበሬዎቼ ጩኸት ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።»

ገበሬው በሬዎቹን አየ፤ እግሩ ስር የወደቀውን ሙቀጫ አየ። «ታዲያ እኔስ ይህን መርጬው ነው?» አለና ራሱን ሳቅ አመለጠው። ሚስቱም «ባለ ሙቀጫው! እስቲ በጡጫህ ውቀጥልን!» ስትለው ኮረብታው በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ትራሳቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። ተፈናቃዩም ሳቀ፤ እዚያ መንደር ከገባ ጀምሮ በሌላ ሰው ላይ ሲሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ነበር።

ውሃው በረቱንና የድርቆሹን ክምር ወስዶ ሲመሽ ጎደለ። ሰው አልሞተም። ቅዳሜ ገበሬው ገበያውን ትቶ፣ የሚታረሰውን መሬት ለተፈናቃዩ ሊያሳየው አብሮት ወጣ።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ፣ ያቺ ባለ ሰዓትም እንደዚሁ ናት። የሚሸሽ ሰው አይመርጥም፤ እጁ የደረሰበትን ይዞ ይወጣል። በየአገሩ ድንበር ላይ የሚሰለፉትን ስናይ የያዙትን እናያለን፤ ትተውት የመጡት አይታየንም። ውሃ ያልመጣበት ሰው ብልህ መሆን ይቀለዋል። ደግሞ ነገሬን በትክክል ያዢልኝ፦ የተሰደደ ሁሉ በሬ ያድናል ማለቴ አይደለም። ያ ሰው በሬዎቹን ባያድንም መሬቱ ይገባው ነበር። ከእነሱ አንዱ ደጅሽ ቢመጣ፣ ከመጠየቅሽ በፊት መቀመጫ ስጪው። ቆሞ የሚጠየቅ ሰው የተከሰሰ ይመስለዋል።