ምረቃ የሚጠብቀው ድረ ገጽ

ነበር ልበላችሁ፣ እናንተ ደግሞ ይሁን በሉኝ። ይመር የሚባል አባት ነበር፤ ሐዋ የምትባል ልጅ አለችው። ሐዋ እግሯ አይታዘዝላትም፤ ስለዚህ ጠዋት አዝሏት ትምህርት ቤት ይወስዳታል፣ ከሰዓት አዝሏት ይመልሳታል። ልጅ ደግሞ ያድጋል እንጂ አይቀልም። ይመር ድንጋይና ዳገት የማይበግረው፣ ባለ ሦስት ጎማ ወንበር አገር ውስጥ እንደሚሠራ ሰምቷል። የት እንደሆነ ግን የነገረው የለም። የሚፈልገው ይህችኑ ነው፤ ሠሪዎቹ የት እንዳሉ ማወቅ።

ስልኩን አውጥቶ "ለዳገት የሚሆን ተሽከርካሪ ወንበር" ብሎ ጻፈ። ስልኩም "እኔ ምን አውቄ! ፈላጊው የነገረኝን ነው የማሳይህ" አለው። ፈላጊው ማለት የዓለምን ድረ ገጽ እየዞረ አንብቦ፣ ምን የት እንዳለ ለየስልኩ የሚናገረው ነው። እግር የለውም፤ ግን ሲዞር ይውላል። እንግዲህ ፈላጊው ካልነገረው ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ሐዋ ከአባቷ ጀርባ አትወርድም።

ፈላጊው አዘነለትና ሄደ። ኮምቦልቻ ካለው የወንበር ፋብሪካ ድረ ገጽ ደጃፍ ደረሰ። ድረ ገጹ ያምራል፤ ፎቶው፣ ልኬቱ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ሁሉም አለ። በሩ ላይ ግን "ገና አልተመረቅንም፤ ፈላጊ አይግባ" የሚል ክልከላ ተለጥፏል። "እባክህ ዞር በልልኝ" አለው ፈላጊው። "የለጠፈኝ ሚልኪያስ ነው፤ እሱ ካላነሣኝ አልነሣም" አለ ክልከላው። ክልከላው ካልተነሣ ፈላጊው አይገባም፤ ፈላጊው ካልገባ ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ሐዋ ከአባቷ ጀርባ አትወርድም።

ሚልኪያስ የድረ ገጹ ባለሙያ ነው። ክፉ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራውን ይወዳል፣ አለቃውን ይፈራል። "ወይ ፈላጊው! ሥራው ሳያልቅ ሰው እንዳያየው ብዬ ነበር የለጠፍኩት። ካለቀ ቆየ እኮ። ግን ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌጤነህ ሳይፈቅዱ ብነካው ማን ያድነኛል?" አለ። ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀዱ ሚልኪያስ ክልከላውን አያነሣም፤ ክልከላው ካልተነሣ ፈላጊው አይገባም፤ ፈላጊው ካልገባ ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ሐዋ ከአባቷ ጀርባ አትወርድም።

አቶ ጌጤነህ "አረፍ በል" ብለው ተቀበሉት። "ሳይመረቅ እንዴት ይከፈታል? ድልድይ ይመረቃል፣ ክሊኒክ ይመረቃል፤ የኛ ድረ ገጽ ምን በወጣው! ሪባን ተቆርጦ፣ ተጨብጭቦ ነው እንጂ።" እውነትም ቢሮው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር በቀይ ሪባን ታስሮ ተቀምጧል። ከታሰረ ወራት አልፈውታል፤ ሪባኑ አቧራ ጠጥቷል። ሪባኑ ካልተቆረጠ ሥራ አስኪያጁ አይፈቅዱም፤ ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀዱ ሚልኪያስ ክልከላውን አያነሣም፤ ክልከላው ካልተነሣ ፈላጊው አይገባም፤ ፈላጊው ካልገባ ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ሐዋ ከአባቷ ጀርባ አትወርድም።

"እኔን ማንም ተነሥቶ አይቆርጠኝም" አለ ሪባኑ ኮራ ብሎ። "የክብር እንግዳዬ ሲስተር አልጋነሽ ናቸው።" ሲስተር አልጋነሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሽተኛ ሲያስታምሙ የኖሩ ነርስ ናቸው። ፈላጊው ቤታቸው ሄደ። "መምጣቱንስ እመጣለሁ፣ ልጄ" አሉት። "ግን ያለ ጥሪ ካርድ ዘው ብል ማን ጠራት ይሉኛል።" ካርዱ ካልመጣ እንግዳዋ አይነሡም፤ እንግዳዋ ካልተነሡ ሪባኑ አይቆረጥም፤ ሪባኑ ካልተቆረጠ ሥራ አስኪያጁ አይፈቅዱም፤ ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀዱ ሚልኪያስ ክልከላውን አያነሣም፤ ክልከላው ካልተነሣ ፈላጊው አይገባም፤ ፈላጊው ካልገባ ስልኩ አያሳይም፤ ስልኩ ካላሳየ ሐዋ ከአባቷ ጀርባ አትወርድም።

ካርዱን የሚያትሙት ጋሽ ኢድሪስ ናቸው። "ካርዱ ላይ የድረ ገጹ አድራሻ አለበት" አሉ። "አንድ ጊዜ አድራሻ ተሳስቼ የሠርግ እንግዶችን ሰው ቤት ልቅሶ ላይ ልኬአቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ፈልጌ በዓይኔ ያላየሁትን አላትምም። አንተ ፈላጊ አይደለህ? አሳየኝና ላትም።"

"እንዴት አድርጌ ላሳይዎት!" አለ ፈላጊው። "እኔ ካላሳየሁ እርስዎ ካርዱን አያትሙም፤ ካርዱ ካልመጣ እንግዳዋ አይነሡም፤ እንግዳዋ ካልተነሡ ሪባኑ አይቆረጥም፤ ሪባኑ ካልተቆረጠ ሥራ አስኪያጁ አይፈቅዱም፤ ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀዱ ሚልኪያስ ክልከላውን አያነሣም፤ ክልከላው ካልተነሣ እኔ አልገባም፤ እኔ ካልገባሁ ደግሞ አላሳይም!" ብሎ እዚያው ደጃፉ ላይ ዘፍ አለ። እኔም ብሆን ዘፍ ነበር የምለው።

ጋሽ ኢድሪስ ጎንበስ አሉለት። "ለመሆኑ ማነው የላከህ?"

"ስም አልጠይቅም። አንድ አባት ነው። ለዳገት የሚሆን ተሽከርካሪ ወንበር እያለ ሲጠይቀኝ ከረመ። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ጻፈልኝ።"

"ምን አለህ?"

"'ሴት ልጅን እስከ ስንት ዓመቷ ማዘል ይቻላል?' አለኝ።"

ጋሽ ኢድሪስ ማሽናቸውን አጠፉ። እስክሪብቶ አንሥተው ነጭ ወረቀት ላይ በገዛ እጃቸው "ክብርት ሲስተር አልጋነሽ፣ ዛሬውኑ ይምጡልን" ብለው ጻፉ። አድራሻ የለው፣ ጌጥ የለው። "በል ሩጥ!" አሉት።

ካርዱ ደረሰና እንግዳዋ ተነሡ። እንግዳዋ ተነሡና ሪባኑ ተቆረጠ፤ ጭብጨባው ትንሽ ሳሳ ያለ ነበር፣ ግን ተጨበጨበ። ሪባኑ ተቆረጠና ሥራ አስኪያጁ ፈቀዱ። ሥራ አስኪያጁ ፈቀዱና ሚልኪያስ ክልከላውን አነሣ፤ እጁ ከገባ አይቀር ብሎም የከበዱትን ፎቶዎች አቀለለ፣ የትም የማያደርሱትን አገናኞች አስተካከለ፣ የገጾቹን ካርታ ለፈላጊው ሰጠው። ክልከላው ተነሣና ፈላጊው ገባ፤ አንድ ሳያስቀር አነበበ። ፈላጊው ገባና ስልኩ አሳየ። ይመር መንገድ ዳር ቆሞ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው፤ ከዚያ ደወለ።

ወንበሩ በሐዋ ልክ ተሠርቶ መጣ። በመጀመሪያው ጠዋት ሐዋ ከአባቷ ጀርባ ወረደች፤ ጎማውን በገዛ እጇ እየገፋች ዳገቱን ጀመረችው። ትንሽ ሄዳ ዞር አለች።

"አባ፣ ምነው ቀረህ?"

ይመር እጆቹን እንደ ልማዱ ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ነበር። የሚይዙት ነገር የለም። እንደዚያው እንዳጣመራቸው ተከተላት።