የትምህርት ቤቱ አዲስ በር

በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ሃያ ዓመት የቆመ፣ ከዱላው ይልቅ ምላሱ የሚፈራ ዘበኛ ነበር። አንድ ጠዋት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወንድይራድ፣ በሩን በካርድ የሚከፍተውን አዲስ ሶፍትዌር ሊገመግሙ ገምጋሚዎች አስከትለው መጡ።

«ስማ አንተ! ከዛሬ ጀምሮ የምናምነው ማሽኑን ነው። ካርድ ያላስነካ ሰው፣ እኔም ብሆን፣ እንዳታስገባ። ካስገባህ ዛሬውኑ ትባረራለህ!» አሉት።

«እሺ ጌታዬ» አለ ዘበኛው፣ አምስት ልጆቹን እያሰበ።

ኃላፊው ግን ቦርሳቸውንም ካርዳቸውንም ራሳቸው ይዘው አያውቁም። እንደ ልማዳቸው ሾፌራቸው ቀደም ብሎ ካርዱን አስነካ። ማሽኑም «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ወንድይራድ!» ብሎ ሾፌሩን አስገባና በሩ በጌታው አፍንጫ ላይ ጥርቅም አለ።

«ክፈት እንጂ! ምን ትገትረኛለህ?» ብለው ጮኹ፣ ገምጋሚዎቹ እያዩ።

ዘበኛው ቢከፍት ትእዛዝ በመጣስ፣ ባይከፍት በድፍረት መባረሩ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ አቶ ወንድይራድ አሁን ገቡ፤ ማሽኑ ሲቀበላቸው እርስዎም ሰምተዋል። ሄጄ እንዳስፈቅድልዎት፣ ማን መጣ ልበላቸው?»